የሆጤው ሕመምተኛ

አንባቢ ሆይ፣ ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። ከዚህ በታች የማወጋው ሁሉ በእርግጥ የሆነ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማሉ ብባል ግን አልምልም። ዕድሜዬ ሰባ ሦስት ነው፤ ሰባ አራትም ሊሆን ይችላል፣ እናቴ ወላጅ እንጂ መዝጋቢ አልነበረችምና። ትዝታዬ እንደ ወንፊት ሆኗል፤ ዱቄቱን አፍስሶ ገለባውን ያስቀርልኛል። ስለዚህ እርግጠኛ የሆንኩበትን «ነው» እላለሁ፤ ያልሆንኩበትን «ይመስለኛል» እላለሁ። አንባቢም የፈቀደውን ያህል ይመን።

እርግጠኛ ከሆንኩባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ደሴ ላይ በቆየሁበት ጊዜ አንድም ቀን አልታመምኩም። ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም። የሆጤ ሰፈር ሰው ግን አንድ ሳይቀር፣ ያን ጊዜ ሁሉ በሞት አፋፍ ላይ እንደነበርኩ ይመሰክራል። ምስክር በርክቶብኝ፣ አንዳንድ ቀን እኔም እጠራጠራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ባለቤቴ ጽጌ በደቡባዊ አፍሪካ በምትገኝ አንዲት ደረቅ አገር ሠላሳ ዓመት ያህል ኖረናል። እኔ በእርሻ ኢኮኖሚ ሦስት ዲግሪ ይዤ ስለ በሬ ሳስተምር፣ አንድም በሬ ሳልነካ ጡረታ ወጣሁ። ጽጌ አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ እሷ እንኳ የነካችውን ታውቃለች። የምንጸልይባት ቤተ ክርስቲያን በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስትን እያሠለጠነች ወደ ውጭ አገር በሚስዮናዊነት ትልካለች። ሥራቸውም በአብዛኛው «ራስን መቻል» የሚባል የአሥራ ሁለት ሳምንት ትምህርት ማስተማር ነው። እኛም ተመዘገብን። የጤና ቅጽ ነበረ፤ የእኔን እኔ ሞላሁ፣ የእሷን እሷ ሞላች። ነርስ ናትና የጻፈችውን አላየሁባትም።

የምንላክበትን አገር የሚገልጸው ደብዳቤ ሲደርስ ጽጌ ከፈተችው። አንብባ እስክታስል ድረስ ሳቀች።

«የት ተመደብን?» አልኳት።

«ውጭ አገር» አለችኝ። «ደሴ።»

ደሴ የተወለድኩባት ከተማ ናት። እሷም እዚያው ጎረቤት፣ ኮምቦልቻ ነው ያደገችው። የመዘገበን ጽሕፈት ቤት ግን የያዝነውን ፓስፖርት እንጂ የመጣንበትን ማኅፀን አልጠየቀም። «ሰው ሚስዮናዊ ሲሆን ካገሩ ይወጣል» አለች ጽጌ፤ «አንቱ ሚስዮናዊ ሲሆኑ ወዳገርዎ ይገባሉ።» ስትቀልድም ስትቆጣም «አንቱ» ነው የምትለኝ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ በአርባ አራት ዓመት ትዳር ውስጥ ለይቼ አልጨረስኩም።

ደሴ እንደገባን፣ የተወለድኩበትን ቤት ላሳይሽ ብዬ በእግር መራኋት። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ከከተማው ጫፍ፣ ገራዶ መውጫው ላይ አደረስኳት። በሦስተኛው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና «እዚህ እንደተወለድክ እንስማማ፤ ደክሞኛል» አለችኝ። እኔም ቁልቁለቱንና ጭጋጉን እያየሁ በደስታ ተስማማሁ። ደክሞኛል ያለችውን የሰማሁት ይመስለኛል። መስማትና ማዳመጥ ግን ለየቅል ናቸው።

ሆጤ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራየን። ሰኞና ረቡዕ ደሴ ላይ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ በሐረጎ ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ላይ አስተምራለሁ። ስለ ትምህርቱ እውነቱን ልናገር። ባለፉት ክፉ ዓመታት ቤታቸው ባዶ ቀርቶ፣ ከበር መዝጊያ ጀምረው ኑሯቸውን እንደገና ያቆሙ ሰዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ራስን መቻልን ከእኔ ይማሩ ነበር። እኔ ደግሞ ካልሲዬ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ጽጌን ሳልጠይቅ አላውቅም። የመጀመሪያው ሳምንት ርእስ «ከማንም አለመጠበቅ» የሚል ነበር። የማስተማሪያ መጽሐፌን ቦርሳዬ ውስጥ የምትከትልኝ ጽጌ ነበረች።

በገባን በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ጋሽ ሙሄ መጡ። ጋሽ ሙሄ የሰፈሩ የቅሬ ዳኛ ናቸው። በሌላው አገር ዕድር የሚባለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን፤ ሞት በገባበት ቤት ድንኳን የሚተክል፣ መቃብር የሚቆፍር፣ ሬሳ የሚሸከም፣ ሐዘንተኛውን የሚያበላ፣ እስላም ክርስቲያን የማይለይ ማኅበር ነው። ጋሽ ሙሄ ነጭ ኮፍያቸውን አስተካክለው ተቀመጡና «ቅሬ ልናስገባችሁ ነው የመጣሁ» አሉ። «ቤት ያለ ቅሬ፣ ምሰሶ ያለ ጉድጓድ ነው።»

እኔም ጥንቁቅ ሰው ነኝና ተዘጋጅቼ መለስኩላቸው። የቆይታችን ጊዜ የተወሰነ መሆኑን፣ ማኅበራዊ ጥገኝነት ለግል ጥረት እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል፣ አስተማሪ ለተማሪዎቹ ምሳሌ ሊሆን እንደሚገባው በሦስት ክፍል ከፍዬ አብራራሁ። ጋሽ ሙሄ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«እንዲያ ነው?» አሉ። «እንግዲያ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ዶክተር። ራሱን የቻለ ሰው ሲሞት፣ ራሱን ይሸከማል?»

«ጥያቄው በዘጠነኛው ሳምንት የሚሸፈን ነው» አልኳቸው።

ጽጌ እስከ ውጭው በር ሸኘቻቸው። ቆይታ ተመለሰች። ምን እንደተነጋገሩ አልጠየቅኋትም።

ከዚያ በኋላ ሕይወቴ ቀስ በቀስ እንግዳ ነገር ሆነብኝ። መጀመሪያ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ሰው ሲሞት የቅሬው ለፋፊ ማልዶ ጥሩምባ እየነፋ ሰፈሩን ይዞራል። ከላይ በኩል ሲመጣ ይሰማኛል፤ የእኛ በር አጠገብ ሲደርስ ድምፁ ጭጭ ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ከታች በኩል እንደገና ይሰማል። «ጽጌ፣ የቀኝ ጆሮዬ ቆርጦ ቆርጦ ነው የሚሰማኝ» አልኳት። «ሽማግሌ ጆሮ እንዲያ ነው» ብላ ጥጥ ሰጠችኝ።

ቀጥሎ ክፍሌ ነጠፈ። አንዳንድ ሰኞ ሠላሳ ተማሪ ይጠብቀኛል፤ አንዳንድ ሰኞ ሁለት። ሰዓት አለማክበር የሚል ተጨማሪ ትምህርት አዘጋጀሁ፤ እሱንም ለሁለት ሰው አስተማርኩት፤ ሁለቱም በሰዓታቸው የመጡ ነበሩ።

ከሁሉ የባሰው ግን የሰው ርኅራኄ ነው። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘምዘም በየጊዜው በፔርሙስ አጥሚት እየላኩ «ትኩሱን ይጠጡት፣ ልብ ያጠነክራል» ይሉኛል። የባጃጁ ሹፌር፣ ሌላውን ሰው እንደ ድንጋይ እያንገጫገጨ የሚወስድ ሰውዬ፣ እኔን ሲጭን እንቁላል የጫነ ይመስል ነበር። ጸጉር አስተካካዩ ከመቀሱ በፊት «ያዞርዎታል እንዴ?» ይለኛል። መንገድ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ተሻለዎት?» ይላሉ። «ምኑ?» ስላቸው እርስ በእርስ ይተያያሉ። አንደኛዋማ ለጓደኛዋ «አየሽ፣ ረስቶታል» ስትል ሰማኋት፤ ያን ቀን ጆሮዬ ደኅና ነበረ።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ራስን ስለ መቻል አምርሬ በተናገርኩ ቁጥር ተማሪዎቼ እያዘኑ ያዩኛል። «ሰው በራሱ እግር መቆም አለበት!» ብዬ ጠረጴዛውን ስመታ፣ ከፊት የተቀመጡ አንድ እናት ወንበር ስበው «ይቀመጡ የኔ አባት፤ አይድከሙ፤ እንቆማለን፣ እንቆማለን» አሉኝ።

አንድ ዓርብ እነ ጋሽ ሙሄ ቤታችን መጥተው ዱአ አደረጉልኝ። በማግሥቱ ከግቢው ጀርባ የሚኖሩት የኦርቶዶክስ ጎረቤታችን በጆግ ጠበል ይዘው መጥተው ሳልዘጋጅ ፊቴን ረጩኝ። እሑድ የራሴ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። በሦስት ቀን በሦስት ወገን የተጸለየለት ሰው ጤነኛ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? ማስታወሻ ደብተሬን ገልጬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ታምሜ ሊሆን ይችላል። ይጣራ።»

«ጽጌ» አልኳት፤ «እኔን አሞኝ ያውቃል?»

«ሰው ሲጠይቅህ ‹እግዚአብሔር ይመስገን› በል፤ ምን ይጎድልብሃል?»

«አንድ በሽታ ሳይጎድለኝ አይቀርም፤ ሁሉም አይተውታል፣ እኔ ብቻ አላገኘሁትም።»

ስትስቅ ግድግዳውን ተደገፈች።

ለማጣራት ሄድኩ። ደሴ ላይ የታየሁበት ክሊኒክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ጽጌ ልታስታምመኝ ተከትላኝ መጣች። በየፎቁ መዞሪያ መስኮት አለ፤ በየመስኮቱ ቆመች። «ጦሳን እስቲ ልየው» ትላለች፤ ጦሳ ተራራውን። ሁለተኛው ላይ «ከዚህ ደግሞ ሌላ ይመስላል» አለች። እኔም በልቤ፣ ሴት ልጅ ተራራ ማየት እንዴት ትወዳለች እያልኩ በትዕግሥት ጠበቅኋት። ሦስት ዲግሪ! ደሜ ተመረመረ፣ ልቤ በመሣሪያ ታየ፣ ሁሉ ደኅና ነው ተባልኩ። አላመንኩም። መላ ሰፈሩ ከሚሳሳት አንድ መሣሪያ ቢሳሳት ይቀላል።

ስለዚህ በሳምንቱ ኮምቦልቻ ላይ ሌላ ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ሐኪም ነው፤ ረጋ ያለ። መረመረኝ፣ የደሴውን ወረቀት አነበበ፣ ከዚያ ዓይኑ ከእኔ ወጥቶ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ወደ ተቀመጠችው ጽጌ ሄደ። ጫማዋን አውልቃ ነበር።

«አባቴ፣ እርስዎ ደኅና ነዎት» አለኝ። «እናታችን ግን እግራቸው እንዲህ ካበጠ ስንት ጊዜ ሆነው?»

እኔ መልስ የምሰጥ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት የጽጌን እግር መቼ እንዳየሁ ለማስታወስ ሞከርኩ። ይህ የትዝታዬ ጥፋት አይደለም፤ አላየሁማ።

መረመራት። ልቧ ነው አለ። ከጀመራት ቆይቷል፤ መድኃኒት ይረዳታል፣ አያድናትም። የደሴ ከፍታና ብርድ ይከብዳታል፣ ወደ ኮምቦልቻ ብትወርድ ትንፋሿ ይቀላታል አለ። ጽጌ ጫማዋን እያጠለቀች፣ እሱ ከመናገሩ በፊት ቃሉን ሁሉ እንደምታውቅ ሰው ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

በሚኒባስ ወደ ደሴ ስንመለስ ሐረጎን እየወጣን ሳለ ጠየቅኋት።

«ከመምጣታችን በፊት ታውቂ ነበር?»

«ነርስ ነኝ እኮ።»

«ቅጹ ላይ ምን ጻፍሽ?»

«ጥሩ ጤንነት ብዬ ጻፍኩ። ከአንተ ገለበጥኩት።»

«ለምን ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርህ ትጠነቀቃለህ» አለች። «አንተ ከተጠነቀቅህ ደግሞ ከወንበርህ አትነሣም። እዚያ ብቀር ማን ይቀብረኛል? አንተና አንድ የቀብር ድርጅት ሹፌር። እሱም ሰዓቱን እያየ።»

ሚኒባሱ እያቃሰተ ይወጣል።

«እኔ ሕመምተኛ ነኝ ብለሽ ያስወራሽው አንቺ ነሽ?»

መሳቅ ጀመረች፤ ትንፋሽ አነሳት፤ ቆም አለችና ቀጠለች። «ያን ቀን ጋሽ ሙሄን እንዲያ አድርገህ ስትመልሳቸው መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። በር ላይ ‹አይቀየሙት፤ አሞት ነው፤ አሁን የተናገረው እሱ አይደለም፣ በሽታው ነው› አልኳቸው። በጣም አዘኑ። ‹ምን ያህል ጊዜ ይነሣበታል?› ቢሉኝ ‹ሰኞና ረቡዕ ይብስበታል› አልኳቸው።»

ሰኞና ረቡዕ ደሴ ላይ የማስተምርባቸው ቀናት ናቸው።

«በማግሥቱ ሄጄ ቅሬ ገባሁ» አለች። «ወንዱ ቀብር ካልወጣ ቤቱ ይቀጣል፤ ሕመምተኛ ከሆነ ግን ይቅር ይባላል። አንተን ሕመምተኛ አደረግሁህ፤ እኔ ለቅሶ ደረስኩ። ክፉ ወሬ አይስማ ብዬም ለመንኳቸው።»

«ጥሩምባውም?»

«ጥሩምባውም። ክፍልህ ባዶ የሚሆነውም ሰው ቀብር ሲውል ነው።»

ከፊታችን የተቀመጡ ሴትዮ ነገሩን ግማሽ ግማሹን ሰምተው ኖሮ ዞሩና «አብሽሩ አባቴ፤ አላህ ያሽርዎት» አሉኝ። ጽጌ «አሜን» አለችላቸው፤ በእኔ ፈንታ።

እንግዲህ ጭንቄ እዚህ ላይ ነው የጀመረው። እኔ «ኮምቦልቻ እንውረድ» አልኩ። እሷ «አልወርድም» አለች። ቀጥ ያለ ምክንያት ነበራት። «ስምንት ወር ሙሉ ለቅሶ የደረስኩት ሆጤ ነው። ያጠብኩት የሆጤን ሬሳ፣ ንፍሮ የቀቀልኩት ለሆጤ ሐዘንተኛ ነው። አሁን ወርጄ፣ ያደግሁባት ብትሆንም ዛሬ ሰው በማያውቀኝ ከተማ፣ እንደ ባዳ ልቀበር? አንቱ ራስዎን ይቻሉ፤ እኔ ሰው እፈልጋለሁ።»

ይህን ያለችው ቁጭ ብላ ነው፤ መተኛት አትችልም ነበርና፤ ስትጋደም ያፍናታል። በየማለዳው በትራስ ተደግፋ ሳያት፣ ትንፋሿን ከቀብሯ ጋር ለወጠችው እላለሁ። መፍትሔው አንድ ብቻ መሆኑ ታወቀኝ፤ ሰው ዘንድ ሄዶ «እርዱኝ» ማለት። ለዚህም ሦስት ቀን ተዘጋጀሁ። የምናገረውን በወረቀት ላይ በቁጥር ለይቼ ጻፍኩት።

ጋሽ ሙሄ ገና በሩ ላይ ሲያዩኝ ተነሡ። «ኧረ ያረቢ፣ ለምን መጡ? ቢልኩብኝ እመጣ የለ? ይቀመጡ፤ ይደገፉ።»

«ጋሽ ሙሄ፣ እኔ አላመመኝም» አልኳቸው።

«አዎን፣ አዎን» አሉኝ ትከሻዬን እየደባበሱ። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዘወር ብለው በዝግታ «ዛሬ ሰኞ ነው» አሏቸው።

«እውነቴን ነው። ሐኪም አይቶኛል። ሁለት ሐኪም።»

«ሐኪም ምን ያውቃል! እርስዎ ራስዎ ዶክተር ነዎት፤ አወቁት?»

«የታመመችው ጽጌ ናት» አልኳቸው።

እጃቸው ትከሻዬ ላይ እንዳለ ቀረ። ባለቤታቸው የያዙትን ሰሃን አስቀመጡ። ጋሽ ሙሄም «ባለፈው የሸማኔው ሚስት ለቅሶ ላይ ውሃ የያዘ ባልዲ ስትሸከም አይቻት ነበር» አሉ። «ቆም ቆም ትላለች። ጨዋታ ወዳድ ናት፣ ከሰው ጋር ልታወራ ነው ብዬ።»

ወረቀቴን ፈለግሁ። ኪሴ ውስጥ አልነበረም፤ ወይም ነበረ፣ እጄ አላገኘውም። በአሥራ ሁለቱ ሳምንት ትምህርት ውስጥ ርዳታ እንዴት እንደሚጠየቅ የሚያስረዳ ምዕራፍ የለም። እየተንተባተብኩ «ኮምቦልቻ ላይ ብታርፍብኝ…» አልኩና ቀሪውን መጨረስ አቃተኝ።

«አምጥታችሁ ቅበሩልኝ ነው የሚሉት?» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ዶክተር፣ ኮምቦልቻ እኮ ሐረጎን መውረድ ነው። ከመካ አምጡልኝ አላሉን። ወላሂ፣ ከዚያም ቢሆን መላ አይጠፋም። ትውረድ፤ ትተንፍስ። የእኛ ናት።»

አለቀስኩ ይመስለኛል። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር።

«አንድ ነገር ግን አለ። እርስዎ ሕመምተኛ ሆነው ይቆዩ።»

«እንዴት ነው የምቆየው?»

«ደኅና ነኝ ካሉ ወይዘሮ ጽጌ ቅሬውን ዋሽታለች ማለት ነው። ቅሬ የዋሸን ቤት ሸንጎ ፊት ያቆማል፤ ሥርዓቱ ነው። እኔ እሷን በዚህ ጊዜ አላቆምም። ስለዚህ ዝም ብለው ይታመሙ።»

በዚህ ዓይነት፣ በቅሬ ዳኛ ፍርድ በይፋ ታመምኩ። ስወጣ ባለቤታቸው አጥሚት አስያዙኝ።

ኮምቦልቻ ላይ፣ በረንዳው ሰፊ የሆነ ቤት ተገኘልን። ጽጌ አራት ወር ተኩል ኖረችበት፤ አምስት ወር ሳይሆን አይቀርም። በመጀመሪያው ሳምንት ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ስትተነፍስ አደመጥኳት፤ ከዚያ የተሻለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሆጤ ሴቶች ተራ ገብተው እየወረዱ ይጠይቋታል፤ መጀመሪያ ግን ሁሉም ወደ እኔ መጥተው «እንዴት ነዎት?» ይሉኛል። እኔም በጽጌ ፊት፣ በታዘዝኩት መሠረት «ያው ነው» እላለሁ። ስትሰማኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ።

ማስተማሩን አቆምኩ። በምትኩ ተማሪ ሆንኩ። ጽጌ በረንዳው ላይ ወንበሯ ላይ ሆና በተከፈተው በር በኩል ታዝዘኛለች፤ ሸሚዝ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ምስር ከመቀቀሉ በፊት እንዴት እንደሚለቀም፣ መድኃኒት ቤት ሄደው የሐኪም ወረቀት ሳይጥሉ እንዴት እንደሚመለሱ። ካልሲ በሁለተኛው መሳቢያ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። ሽሮ ግን አስቸገረኝ።

«ጨው ጨምር» ትላለች።

«አሁን?»

«ቆይ። አልኩህ እንዴ አሁን?»

«ጨምር አላልሽም?»

«ጨምር ማለትና አሁን ማለት አንድ ነው? ሦስት ዲግሪ ይዘው አንቱ! …በል አሁን።»

አንድ ማለዳ፣ ከቁርስ በኋላ ይመስለኛል፣ ሽሮውን እያማሰልኩ «አሁን ነው?» አልኳት። አልመለሰችልኝም። ሆን ብላ ነው፣ ራሴ እንድወስን ፈልጋ ነው አልኩና፣ ወሰንኩ፤ ጨመርኩ። ቀምሼ ልክ መሆኑን አየሁ። ልነግራት ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላውቀውም። ለጋሽ ሙሄ ስልክ መደወሌን አውቃለሁ፤ ያልኩትን አላውቅም። ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ሁለት አይሱዙ ሙሉ ሰው ከሐረጎ ወረደ። ምንም አልጠየቁኝም፣ ምንም አላዘዝኩም። ሴቶቹ ገብተው አጠቧት፤ እሷ ያጠበቻቸው የማን እናትና የማን እኅት እንደነበሩ እየተነጋገሩ። ሽሮውን ማን ከእሳት እንዳወረደው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ደሴ ላይ ስትቀበር የሬሳዋን አልጋ ልሸከም ብዬ ተነሣሁ። አራት እጅ መለሰኝ። ጋቢ ደረቡልኝ፣ በሁለት ሰው አስደገፉኝ፣ ወንበር አመጡልኝ። ሕመምተኛ ነኛ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ምስኪን፣ እሳቸው ይቀድማሉ ስንል» ስትል ሰማኋት። የሚስቴን አፈር እንኳ ሳላፈስ፣ በጤናዬ፣ ተደግፌ አየሁ። ደኅና ነኝ ብዬ ልጮህ ፈለግሁ። ብጮህ እሷ ውሸታም ትሆናለች። ያመጡልኝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

የአገልግሎታችን ጊዜ ማብቃቱን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣልኝ፤ የመመለሻ ትኬትም ተቆረጠልኝ። እዚያ ስመለስ በር የሚከፍትልኝ ሰው እንደሌለ አስቤ የትኬቱን ቀን አሳለፍኩት። ወደ ሆጤው ቤት ተመለስኩ።

በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ ማለዳ በር ላይ ቆሜ ሳለ ወንዶች አካፋና ዶማ ይዘው ሲያልፉ አየሁ። ሸማኔው ሞተው ነበር። እኔ አካፋ የለኝም፤ ባዶ እጄን ተከተልኳቸው። መካነ መቃብሩ ደርሰን ጉድጓዱ ተጀመረ። አንዱን ሰው ያዝኩና አካፋውን ከእጁ ወሰድኩት።

«ዶክተር፣ ኧረ ይተዉ፤ ልብዎን!» አለኝ።

ጋሽ ሙሄ ከወዲያ ማዶ አዩኝ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ተዉት» አሉ። «ይቆፍር።»

ስለ አፈር ለሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። ይህን ያህል ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከአሥረኛው አካፋ በኋላ መዳፌ ተላጠ፤ ማንም ደከመህ አላለኝም፤ ተራዬ ሲያልቅ ዝም ብሎ ሌላ ሰው ተቀበለኝ።

ቀብሩ ካበቃ በኋላ ጋሽ ሙሄ መነጽራቸውን አደረጉና ደብተሩን ገለጡ። ቅሬ ቀብር ላይ የመጣውንና ያልመጣውን በስም ጥሪ ይለያል። በየቤቱ አባወራ ስም እየጠሩ ወረዱ፤ እያንዳንዱ «አቤት» እያለ ይመልሳል። የእኛ ቤት በማን ስም እንደተመዘገበ አስቤው አላውቅም ነበር፤ ያስመዘገበው ማን እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

«ጽጌ ኃይሉ» አሉ ጋሽ ሙሄ።

ከአፋቸው ካመለጣቸው በኋላ ነው የነቁት። ብዕራቸው ወረቀቱ ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ጣታቸው ወደ ቀጣዩ መስመር ሊወርድ ሲጀምር አየሁት።

«አቤት» አልኩ።

ቀና ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ አሉ፣ በስሟ ትይዩ ምልክት አደረጉ፣ ቀጥለውም የሚቀጥለውን ሰው ጠሩ።